ሁለት ጊዜ የተቀያየረው ማሳ

እኔ ስናደድ አልጮኽም፤ እጄ ነው የሚቀዘቅዘው። ያን ሐሙስ ጠዋት የጀመረኝ ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ረጋ ብዬ አይደለም፤ ረጋ ያለ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ ገጽ ይግለጥ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የገበሬ ማሳ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት አንድ ማዕከል ውስጥ የዳታቤዝ ባለሙያ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ምንም አልጎደለበትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዲግሪዬን ይዣለሁ፣ በራሴ እተማመናለሁ፣ ከሰው ይልቅ ከስክሪን ጋር እግባባለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሥራው በላይ የምወደው ግን አንድ ነገር ሲበላሽ "ይታይሽን ጥሯት፣ እሷ ታውቃለች" ሲባል መስማቱን ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በየወረዳው ቅርንጫፍ አለን። ኔትወርኩ ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ሲከፋው የሚጠፋ ስለሆነ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ መዝገብ አለው። እዚያ የተጻፈው ሁሉ መስመሩ ሲገኝ በራሱ ወደ ደብረ ማርቆሱ ዋና ሰርቨር ይገለበጣል። ፍርድ ቤት "ይህ ማሳ የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ዋናው ሰርቨር ነው። እኛ አትመን፣ ማኅተም መትተን እንልካለን። ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም።

ጥቅምት መግቢያ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። አንዲት ስድሳ የሚሆናቸው ሴት መስኮቴ ጋ መጥተው ቆሙ። የፕላስቲክ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከብብታቸው አወጡና አንድ ወረቀት ብቻ መዘው በመስኮቱ አቀበሉኝ።

"እንደምን አደርሽ ልጄ። ይህን ወረቀት የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ?"

አየሁት። የኛ ማኅተም ነው፣ የኛ ፊርማ ነው።

"አዎ እማማ፣ ከኛ የወጣ ነው።"

"እንግዲያው እኔ ሌባ ነኝ?"

ስማቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ነበር፤ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ቆመው ነገሩኝ፤ ወንበር እንኳ አላቀረብኩላቸውም።

"ባሌ በሞተ በዓመቱ ከጎረቤቴ ከውበቱ ጋር ማሳ ተለዋወጥን። የኔ ከወንዙ ማዶ ነበር፣ ለሱ ይቀርባል። የሱ ደግሞ ከጓሮዬ የተያያዘ ነው። ብቻዬን ወንዝ እየተሻገርሁ ማሳረስ አቃተኝና እሺ በለኝ አልሁት፤ እሺ አለ። ሦስት ሽማግሌ አስቀምጠን፣ ድንበሩን በእግራችን ዞረን፣ ድንጋይ ተክለን፣ ሽማግሌዎቹም 'አይተናል' ብለው ማሉ። ከዚያ ቅርንጫፉ ሄደን አስመዘገብን። ይኸው ደብተሬ፣ ተጽፎልኛል።"

አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ከፌስታሉ አውጥተው ገለጡልኝ። እውነትም ልውውጡ በእጅ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል።

"ታዲያ ምን ተፈጠረ?" አልኳቸው።

"ሁለት ዓመት ድንጋዩን ስለቅም ኖርሁ። ድንች ዘራሁበት፣ የአፕል ችግኝ ተከልሁበት። ችግኙ ሲይዝ ያየ ውበቱ ከናንተ ወረቀት አወጣ። ዋናው መዝገብ ማሳው የውበቱ ነው ይላል። ከወንዝ ማዶ ያለውም የኔ ነው ይላል። ልውውጥ የሚባል ነገር እንዳልነበረ። ከሰሰኝ፤ ደብተሩን በሐሰት ያጻፍሽው ነው ተባልሁ። ሽማግሌዎቹም በሐሰት ምለዋል ተባለ። ነገ በአራት ሰዓት ፍርድ ነው። መሬቱን ለሱ ከፈረዱ ቀጥሎ እስር እንዳለ ነግረውኛል።"

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ካልጻፍኩት ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው። "እማማ፣ ኮምፒውተር እኮ አይሳሳትም" አልኳቸው። በዚህ አፌ።

አልተቆጡም። "አያ ሽፈራውም እንዲያ ተባለ" አሉኝ። "ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ወረዳው ሁሉ ሲጣላ እሱን ነበር የሚጠራው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ያየውን ቢናገር 'ወረቀቱ ሌላ ይላል' ተባለ። ሐሰተኛ መባሉን አልቻለውም። ሦስት ሳምንቱ ነው ካረፈ። ለቅሶው ላይ የነበርነው በጣት የምንቆጠር ነን። ከሐሰተኛ ምስክር ለቅሶ ማን ይቆማል?"

እጄ መቀዝቀዝ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩን እንደገና አየሁት። ጽሕፈቱን አወቅሁት፤ የቅርንጫፉ መዝጋቢ የብርቄ እጅ ነው። ብርቄን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። የአንድ ሰው ስም ለመጻፍ መታወቂያውን ሁለት ጊዜ የምታይ፣ በጥንቃቄዋ የምንስቅባት ልጅ ናት። ብርቄ በሐሰት ትጽፋለች ከሚሉኝ ነገ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። "ግቡ፣ እዚህ ተቀመጡ" አልኳቸውና ስልኬን አነሣሁ።

"ብርቄ፣ ኮምፒውተርሽ ላይ የወይዘሮ የሺወርቅን ማሳ ክፈቺልኝ። ከጓሯቸው ያለውን። ባለይዞታው ማን ነው የሚለው?"

ቁልፎቹን ስትጫን ይሰማኛል። "የሺወርቅ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ምን ነካሽ? ፊቴ ላይ ነው ያለው፤ የሺወርቅ ይላል።"

እኔ ፊት ላይ ያለው ደግሞ ውበቱ ይላል። አንድ መዝገብ ነው፤ ያው ማሳ፣ ያው ቁጥር። እኔ ጋ ያለው ቅጂ ከተገለበጠበት ከብርቄ መዝገብ ተቃርኖ ቆሟል።

"ብርቄ፣ ዛሬ ኔትወርክ አለ?"

"ከጠዋት ጀምሮ አለ፤ ተአምር ነው።"

"እንግዲያው ሁለት የሙከራ ማሳ ክፈቺ። አንዱን 'ሙከራ አንድ'፣ ሌላውን 'ሙከራ ሁለት' በያቸው። ከዚያ ልውውጥ መዝግቢላቸው።"

መዘገበች። እሷ ጋ ስሞቹ ተቀያየሩ። እኔ ስክሪኔን እያየሁ ጠበቅሁ፤ እማማ የሺ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፌስታል ይዘው እኔን ያያሉ። መዝገቡ ደረሰ። ልውውጡ ተመዝግቧል ይላል፣ ለፍርድ ቤት በምናትመው ላይ የሚወጡት ስሞች ግን እንደነበሩ ናቸው። የለውጥ ታሪኩን ከፈትኩ፤ እዚያ ሁለት መስመር አለ። ተቀያየረ። ተቀያየረ። በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ።

ወዲያው ገባኝ። አንባቢ ሆይ፣ ለእናንተም ላስረዳችሁ፤ ከባድ ነገር አይደለም። ዳታቤዝ ውስጥ ትሪገር የምንለው አለ። ተኝቶ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው፤ የሚጠብቀው ነገር ሲመጣ ማንም ሳይነካው ነቅቶ ሥራውን ይሠራል። የኛው ትሪገር ሥራ ቀላል ነበር፤ ልውውጥ ሲመዘገብ የሁለቱን ማሳዎች ባለይዞታ ስም ያቀያይራል። ይህ ትሪገር መንቃት ያለበት መዝገቡ በተወለደበት ቦታ፣ በብርቄ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከዚያ የተለወጡት ስሞች ተገልብጠው ደብረ ማርቆስ ይደርሳሉ፤ እዚህ ያለው የዚያው ትሪገር ቅጂ የመጣለትን ተቀብሎ ዝም ማለት አለበት። ዝም ካላለና እሱም በተራው ከነቃ የተቀያየሩትን ስሞች መልሶ ያቀያይራቸዋል። ሁለት ጊዜ የዞረ ሰው ፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ውርስ ሲሆን ጉዳቱ አይታይም፤ "ይህን ማሳ ለእገሌ ስጥ" የሚል ትእዛዝ ሁለቴ ቢፈጸምም ማሳው ያው የእገሌ ነው። ስጦታም እንዲሁ። ልውውጥ ብቻ ነው ወደነበረበት የሚመለሰው። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላየው።

ደግሞ ትሪገሩ ተገልብጦ በመጣ መዝገብ ላይ በራሱ አይነቃም። ማንም ካልነካው ዝም ነው የሚለው። "ሁልጊዜ ንቃ" ብሎ ያዘዘው ሰው መኖር አለበት። ማን እንደሆነ ፈለግሁ። የትእዛዞቹ ታሪክ ላይ ቀኑ ሐምሌ ነው፣ ከልውውጡ አራት ወር በፊት። ስሙ ይታይሽ ነው።

ያን ቀን አስታወስኩት። ዋናው ሰርቨር ላይ ለሪፖርት ማሳ የሚቆጥር ሌላ ትሪገር ነበር፤ እሱ እዚህም መንቃት ነበረበት፣ አልነቃም፣ ሪፖርቱ ባዶ ወጣ። ኃላፊያችን አቶ ፈቃዱ ከኋላዬ ቆመው "እስከ አሥር ሰዓት ይድረስ፣ እስከ አሥር ሰዓት!" ይሉኛል። እኔ ትሪገሮቹን አንድ በአንድ አይቼ የሚነቃውን ማንቃት፣ የሚተኛውን መተው ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ "ሁልጊዜ" አልኳቸው። ሪፖርቱ ወጣ። "ይታይሽ ባትኖር ምን እንሆን ነበር" ተባለ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ዛሬ ያን ፈገግታዬን ሳስበው ፊቴን መቧጨር ያምረኛል።

መጀመሪያ ትሪገሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። ቀጥሎ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ የተመዘገቡትን ልውውጦች ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራቱም ዋናው ሰርቨር ላይ እንዳልተለዋወጡ ሆነው ቆመዋል። እነሱን ግን አልነካኋቸውም፤ የተበላሸው ነገር ራሱ ማስረጃ ነው።

አቶ ፈቃዱ ሰምተውኝ ሲጨርሱ ተነሥተው የቢሯቸውን በር ዘጉ።

"ለማን ነገርሽ?"

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ማን ተጎዳ?" አልነበረም።

"ለብርቄ ብቻ።"

"ጥሩ። አሁን ሄደሽ ሠላሳ አራቱንም አስተካክይ። ሴትዮዋም በሥነ ሥርዓቱ አመልክታ አዲስ ማስረጃ ትውሰድ።"

"ፍርዱ እኮ ነገ ጠዋት ነው።"

"ይግባኝ የሚባል ነገር አለ።"

"አቶ ፈቃዱ፣ ፍርድ ቤቱ እጅ ላይ የኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። በሌላ ቀን ደግሞ የኛው ማኅተም ያለበት ተቃራኒ ወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ምን ይሏቸዋል? በሐሰት አጻፈች የተባለች ሴት አሁን ዋናውን መዝገብ አስለወጠች አይሉም? ለምን እንደተለወጠ ካልተናገርን እኮ ጭራሽ ነው የምንቀብራቸው!"

"እሱ የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው።"

"ደብዳቤ ይጻፉልኝ። 'ስህተቱ የኛ ነው' የሚል ሁለት መስመር ይበቃል።"

ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። "ይታይሽ፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ገበሬው አንድ ጊዜ ሲስተሙን መጠራጠር ከጀመረ ነገ ሁሉም ደብተሩን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል።"

"ይሰለፍ! የራሱ መሬት አይደለም እንዴ?"

"ደግሞ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትእዛዙ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። እኔን አይደለም የምትከሺው፣ ራስሽን ነው።"

እውነታቸውን ነበር። እዚያች በር ላይ ቆሜ እንደፈራሁ አልደብቅም። እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የለኝም። ግን እኒያ ሴት ውጭ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ድንጋይ የለቀሙበትን ማሳ በኔ የአንድ ደቂቃ ስንፍና ሊነጠቁ ነው፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ስለ ሲስተሙ ክብር ያወራኛል። የሲስተሙ ክብር! አያ ሽፈራው ክብር አልነበራቸውም? ደብዳቤውን አልሰጡኝም። እኔም የለውጥ ታሪኩን፣ የራሴን ትእዛዝና የጠዋቱን ሙከራ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማኅተም የለውም፤ ማኅተሙ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው።

አርብ ጠዋት ከእማማ የሺ ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ወጣን። መንገዱን ጉም ይዞታል፤ ሾፌሩ መስታወቱን በእጁ ይጠርጋል። እማማ የሺ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

"ልጄ፣ አንቺን ምን ያደርጉሻል?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔስ መሬቴ ነው። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?"

አሁንም አልነገርኳቸውም ነበር። ስህተት እንዳገኘሁ እንጂ የማን ስህተት እንደሆነ አያውቁም። ቦርሳዬን አቅፌ ወደ ጉሙ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍርሃት ሰዎች ሲያወሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ በሩ ላይ ሰው ታጭቋል። ውበቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አዲስ ኮት ለብሷል፤ የኛ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ነው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበሩ፣ ድምፃቸው የደከመ። ውሳኔውን ለማንበብ ሲዘጋጁ እማማ የሺ ተነሡ።

"ክብርት ዳኛ፣ አንዲት ልጅ ከማርቆስ መጥታለች። እሷን ስሙልኝ።"

"ምስክር የመስማት ጊዜ አልፏል እኮ፣ እናቴ።"

እኔ ሳላስበው ቆሜ ነበር። "ምስክር አይደለሁም" አልኩ። "ያ ወረቀት የወጣበትን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። መዝገቡ ተሳስቷል።"

ዳኛዋ ወደ ፊት እንድመጣ በእጃቸው ጠሩኝ፤ ያተምኩትን ተቀብለው ገለበጡት።

"ይህ ማኅተም የለውም።"

"ክብርት ዳኛ፣ ሁለት ዓመት ሲዋሽ የኖረው እኮ ማኅተም ያለው ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። "አስረጂኝ" አሉ።

ለእናንተ እንዳስረዳሁት አስረዳኋቸው። ሁለት ብዕር ከጠረጴዛቸው አነሣሁና አንዴ አቀያየርኳቸው፤ "ይህ ቅርንጫፉ ነው" አልኩ። እንደገና አቀያየርኳቸው፤ "ይህ ደግሞ ዋናው ሰርቨር ነው፤ መንቃት አልነበረበትም፣ ነቃ።" ብዕሮቹ ከነበሩበት ተመለሱ። በር ላይ የቆመው ሰው አንገቱን እያሰገገ ያይ ነበር፤ ገብቶታል። ገበሬ ማሳ መለዋወጥን ከኛ በላይ ያውቃል።

"መንቃት ካልነበረበት ማን አነቃው?" አሉ ዳኛዋ።

እጄ እንደ በረዶ ሆነ።

"እኔ ነኝ። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ለመቸኮል ብዬ ያላየሁትን ትእዛዝ ሰጠሁ። ወይዘሮ የሺወርቅ ምንም አላስጻፉም። ሽማግሌዎቹም ያዩትን ነው የማሉት።"

እማማ የሺን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዳኛዋ ግን ወረቀቱን አስቀመጡና ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረጉ። ወደ ውበቱ ዞሩ።

"አቶ ውበቱ፣ ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር ማሳ ተለዋውጠዋል ወይስ አልተለዋወጡም?"

"ክብርት ዳኛ፣ ወረቀቱ የሚለው..."

"ወረቀቱን አልጠየቅሁም። ድንበሩን በእግርዎ ዞረዋል? ድንጋይ ተክለዋል?"

ውበቱ ወረቀቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ጎረቤቶቹን አየ። ላብ አጠመቀው፤ በዚያ ብርድ።

"ተለዋውጠናል" አለ።

ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ቀጠሮ አለፈ! ወረቀቱ ስላለ ሰውዬውን ፊት ለፊት ዓይኑን እያየ የጠየቀው አልነበረም። እሱም እያወቀ፣ የተከለው ድንጋይ በየቀኑ እየታየው፣ ወረቀት ስላገኘ ብቻ ጎረቤቱን ሊያሳስር ነበር። እኔ መሣሪያውን ሠራሁለት፣ እሱ ተኮሰ። የትኛችን እንደምንብስ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ።

የዚያን ቀን ውሳኔው ሳይነበብ ቀረ። ማዕከሉ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ መልሱ ሲደርስ ማሳው ለእማማ የሺ ጸና፣ ክሱ ተዘጋ። ያን አርብ ከችሎቱ ደጅ ስንወጣ እማማ የሺ እጄን ያዙኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልብ ነው ያለኝ።

"ትናንት መስኮቱ ላይ ስጠይቅሽ 'ኮምፒውተር አይሳሳትም' አልሽኝ" አሉ።

"አዎ።"

"ሁለተኛ ለማንም እንዲህ እንዳትይ።" ከዚያ እጄን ለቀቁኝ።

መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ "በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት" ይላል። ብልሽት! ዝናብ ያመጣው፣ ነፋስ የነፋው ይመስል። ለሠላሳ አራቱ ልውውጥ ባለቤቶችም ያንኑ ቃል ጽፌ እንድልክ ታዘዝኩ። አልጻፍኩም። "ስህተቱን የሠራሁት እኔ ይታይሽ ነኝ፣ ደብተራችሁ ላይ ያለው ትክክል ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለዚህም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ አሮጌ ሰነድ ክፍልም ተዛወርኩ። ሠላሳ አራቱን መዝገብ ለማስተካከል የፈጀብኝ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ ነው እስከ አሁን የሚያንገበግበኝ፤ በደቂቃ የሚስተካከል ነገር ሰው ሊያሳስር ምንም አልቀረውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ ትእዛዝ ስሰጥ እጄ ይዘገያል። እያንዳንዱን ትሪገር "አንተ የት ነው የምትነቃው? የት ነው ዝም የምትለው?" ብዬ ሳልጠይቅ አልነካም። ባልደረቦቼ ቀርፋፋ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። እናንተንም ግን አለቅቃችሁም። መስኮት ላይ ተቀምጣችሁ "ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው" የምትሉ ሁሉ፣ ሲስተም አፍ የለውም፤ የሚናገረው እንደኔ ያለ፣ ሪፖርት ለማድረስ ቸኩሎ የነበረ ሰው ያዘዘውን ነው። ወረቀት ይዛችሁ ጎረቤታችሁን የምታዩም፣ ወረቀቱን ከማመናችሁ በፊት ሰውዬውን አታውቁትም ወይ?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአያ ሽፈራው አርባ ሲደርስ እማማ የሺ አስጠሩኝ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሕዝቡ እንደተሰበሰበ የደብሩ አስተዳዳሪ "ተናገሪ" አሉኝ። ችሎት ላይ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩ፤ አያ ሽፈራው ያዩትን እንደማሉ፣ የዋሸው የኔ መዝገብ እንደሆነ። ከዚያ ተዝካሩ ወደተደገሰበት ቤት ሄድን። ቀበሌው አንድም ሰው ሳይቀር መጥቶ ነበር። ለቀብሩ ያልወጡት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ፤ "ወይኔ ሽፈራው፣ ወይኔ እውነተኛው!" እያሉ ያለቅሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚጮኹት በአደባባይ ሐሰተኛ ያሏቸው ነበሩ።

የአያ ሽፈራው ልጅ እናኑ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች። ዓይኗ ደርቋል። ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። "ይቅር በይኝ፣ አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። ወደሚያለቅሰው ሕዝብ በአገጯ አሳየችኝ።

"አንቺስ አታውቂውም ነበር" አለችኝ።